ባሕር ስለሚሻገር የሙያ ወረቀት



በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ወዳጅነት ወግ መጻፍ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን ተምሮ ወደ ሩቅ አገር ስለ ሄደ ልጅ፥ ይልቁንም ልጁን ተከትሎ ስለሚሄደው ወረቀት ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን። ነገሩ ሲያዩት የመሥሪያ ቤት ጉዳይ እንጂ የቤት ጉዳይ አይመስልም። ሆኖም መጀመሪያው በቤት ውስጥ ነው፤ ጭንቀቱም ዞሮ የሚገባው ወደ ቤት ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሚጽፈው ግን ጸሐፊ ነው። እኛም ከሃያ ዓመት በላይ በፍርድ ቤት ጽሕፈት የኖርን ስለ ሆንን፥ በዚህ ነገር ያለብንን በደል ሳንናገር ሌላውን ልንመክር አይገባንም።

የእኅታችን ልጅ ነርስ ናት። በአገራችን በሚገኝ አንድ ኮሌጅ አራት ዓመት ተምራ በዲግሪ ከተመረቀች በኋላ ስድስት ዓመት በሆስፒታል ቀንና ሌሊት እየተፈራረቀች አገልግላለች። በእርሷ እጅ የተወለዱት ሕፃናት ዛሬ ፊደል ቈጥረው ጨርሰዋል። ከዚያም ባለቤቷ በዕጣ ወደ አሜሪካ የመግባት ፈቃድ ስላገኘ አብራው ሄደች። እኛም በሽኝቱ ቀን ሁላችን ተሰብስበን «እንግዲህ በጥቂት ወር ውስጥ የነርስ ልብሷን ለብሳ ፎቶግራፏን ትልክልናለች» ብለን ተስፋ አደረግን።

ፎቶግራፉ ግን አልመጣም። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። በስልክ ስንገናኝ ስለ ሥራዋ ብንጠይቃት «በአረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራለሁ» ከማለት በቀር ሌላ አትጨምርም ነበር። ኋላ ግን ሥራዋ ነርስነት ሳይሆን ከነርስ በታች ያለው ረዳትነት እንደ ሆነ፥ ይኸውም አዛውንቱን ማጠብ፥ ማልበስ፥ ማጉረስና አልጋ ማንጠፍ እንደ ሆነ ተሰማ። ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ «ይህን ያህል ተምራ እንዴት ወደ ኋላ ተመለሰች?» ብለው አሟት። ሌሎቹም «ገንዘብ ላለመላክ የምታመካኘው ነው» አሉ። እናቷ ይህን ከሰማች በኋላ ለቅሶ ቤት እንኳ ስትሄድ ከደጃፉ አጠገብ ተቀምጣ ቶሎ መመለስ ጀመረች።

ከዕለታት አንድ ቀን ልጅቱ ለእኛ ለብቻችን ስልክ ደወለችልን። ድምፅዋ የደከመ ሰው ድምፅ እንጂ የተቈጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ጋሼ፥ የፓስፖርቴን ማመልከቻ የሞሉልኝ እርስዎ ነበሩ እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። እኛ መሆናችንን ነገርናት። «ስሜን ኮሌጁ እንደ ጻፈው አልጻፉትም። ወረቀቴን የሚመረምሩት ሰዎች የዲግሪው ባለቤትና የፓስፖርቱ ባለቤት አንድ ሰው መሆናቸውን አስረጂ ብለውኛል» አለችን።

እውነት ነበረ። ከአያቷ ስም ፊት «ወልደ» የሚል ቃል አለ። ኮሌጁ ይህን ከሚቀጥለው ቃል ጋር አጣብቆ እንደ አንድ ቃል ጽፎት ኖሯል። እኛ ግን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን፥ ግእዙ የሚጠይቀውን እናውቃለን በሚል ትምክሕት ለይተን በሁለት ቃል ጻፍነው። ደግሞም «ጽ» የሚለውን ፊደል በሚስዮን ትምህርት ቤት እንደ ተማርነው በላቲን «ቲ» እና «ኤስ» ጻፍነው፤ ኮሌጁ ግን በ«ቲ» ብቻ ጽፎት ነበር። ዲግሪውን አውጥተን አስተያይተን ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ባለቀ ነበር። ዲግሪውም ያን ጊዜ ከወንበራችን ሦስት ክንድ በማይርቅ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

አንባቢያችን ምናልባት «ነርስ እዚህም ነርስ፥ እዚያም ነርስ ናት፤ ደግሞ ምን ምርመራ ያስፈልጋታል?» ይል ይሆናል። እኛም እንደዚሁ ብለን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩን ስንመረምር ሥርዓቱ ከችሎት ሥርዓት የራቀ እንዳልሆነ አየን። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በአሜሪካ የነርስነት የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ማዕከላዊው መንግሥት አይደለም። ከ50ው ግዛቶች እያንዳንዱ የራሱ የነርሶች ቦርድ አለው፤ በአንዱ ግዛት የሚጠየቀው በሌላው ከሚጠየቀው ጥቂት ይለያል። በውጭ አገር የተማረ ነርስ ሲያመለክት አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ ትምህርቱን ራሱ አይመረምርም፤ ለዚህ ሥራ ወደ ተቋቋመ መርማሪ ድርጅት ይልከዋል። ከነዚህም ይልቁን የታወቀው በ1977 ተቋቁሞ በፊላዴልፊያ የሚሠራውና በአጭር ስሙ ሲ ጂ ኤፍ ኤን ኤስ ሲባል የኖረው ነው። በ2025 ግን ስሙን ለውጦ ትሩሜሪት ተብሏል። የሰውን ስም የሚመረምረውም ስሙን መለወጡን አንባቢ ልብ ይበል፤ በድሮው ስም የሚፈልገው ሰው እንዳይደናገር ብለን ጻፍነው።

መርማሪው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ ትምህርቱ ከነርሱ ትምህርት ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ያያል። በክፍል የተማረችው ስንት ሰዓት፥ በሆስፒታል ተገኝታ የተለማመደችው ስንት ሰዓት እንደ ሆነ በየትምህርቱ ይቈጥራል፤ ይኸውም በአዋቂዎች ሕክምናና ቀዶ ጥገና፥ በእናቶችና በአራስ ሕፃናት፥ በልጆች እንዲሁም በአእምሮ ሕሙማን አጠባበቅ ነው። ከነዚህ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ «ይህን ተምረሽ ነይ» ሊባል ይችላል። ስለዚህ የውጤት ወረቀት ብቻ አይበቃም፤ የትምህርቱ ዝርዝር ከነሰዓቱ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፥ ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን ያጣራል። በዚህ ጊዜ ከባለቤቱ እጅ የሚመጣውን ወረቀት እንደ ሙሉ ማስረጃ አይቀበልም። የውጤቱን ወረቀት ኮሌጁ ራሱ፥ የሥራ ፈቃዱን ማረጋገጫም ፈቃዱን የሰጠው የጤና መሥሪያ ቤት ራሱ በቀጥታ እንዲልኩ ይጠይቃል። አንዳንድ ዘመዶች ይህን እንደ ንቀት ይቈጥሩታል፤ «ማኅተም ያለበትን ወረቀት እንዴት አያምኑም?» ይላሉ። እኛ ግን በችሎት ያየነው ይህንኑ ነው፤ የባለጉዳይ የራሱ ቃል ብቻውን አይበቃም። ምስክሩ ተጠርቶ በራሱ አፍ መናገር አለበት። የነርሲቱ ምስክሮች ኮሌጁና መሥሪያ ቤቱ ናቸው፤ እነርሱ ዝም ካሉ እርሷ ብትጮኽም አይሰማም።

ከዚህ በኋላ የቋንቋ ፈተና አለ፤ ትምህርቷ በእንግሊዝኛ የተሰጠ ቢሆንም እንኳ አንዳንድ ጊዜ ይህ ነጻ አያወጣትም። በመጨረሻም ኤን ሲ ሌክስ የሚባለው የነርሶች የፈቃድ ፈተና ይመጣል። ይህንንም በአሜሪካ ተወልዶ የተማረው ነርስ እንኳ ሳይፈተን አያልፍም። ፈተናው በኮምፒዩተር ነው፤ ተፈታኙ ሲመልስ ጥያቄው እየከበደ፥ ሲስት እየቀለለ ይሄዳል። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት ጥያቄው ከ85 አያንስም፥ ከ150ም አይበልጥም፤ ጊዜውም ከነዕረፍቱ 5 ሰዓት ነው። የወደቀ ሰው ቢያንስ 45 ቀን ጠብቆ እንደ ገና ይቀመጣል።

የእኅታችን ልጅ በዕጣ ከባለቤቷ ጋር ስለ ገባች የመግባቱ ጉዳይ አላስቸገራትም። በነርስነቱ ሥራ ተቀጥሮ ለመግባት የሚጠይቅ ሰው ግን፥ በ1996 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት፥ ትምህርቱ፥ ፈቃዱና እንግሊዝኛው የተመረመረ መሆኑን የሚገልጽ ቪዛ ስክሪን የተባለ ምስክር ወረቀት ማቅረብ ግዴታው ነው።

በሌሎችም አገሮች መንገዱ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። በእንግሊዝ አገር የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት ከቋንቋው ሌላ ሁለት ፈተና ያቀርባል፤ አንዱ በኮምፒዩተር ነው፤ ሁለተኛው በፈታኞች ፊት በእጅ ሠርቶ ማሳየት ነው። በጀርመን አገር ከኤፕሪል 2012 ጀምሮ በጸና ሕግ የውጭ አገር ትምህርት ያለው ሰው ሙያው እንዲመዘንለት የመጠየቅ መብት አለው። የግዛቱ ሹሞች ትምህርቱን አስተያይተው ጐደሎ ያገኙበት እንደ ሆነ ወይ ማሟያ ልምምድ ያደርጋል ወይ ፈተና ይቀመጣል፤ የጀርመንኛውንም ቋንቋ ሥራውን በሚያሠራ መጠን ማወቁን ያስመሰክራል። በሳዑዲ ዐረቢያና በዱባይም ዳታፍሎው የሚባል ድርጅት ወረቀቱን ከተጻፈበት ቦታ ድረስ ተከትሎ ያጣራል። እንግዲህ ወደ የትም ቢሄዱ ጥያቄው ተመልሶ የሚመጣው ወደዚሁ ወደ አገራችን መዝገብ ቤት ነው።

በመኳንንት ወይም በሹም ቤት የተወለደ ልጅ ይህ ሁሉ ይቀርለታል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ያስታውስ። እርሳቸው በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛይቱም ተማሪ ተምረው፥ ተፈትነው፥ በ1939 የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ መሆናቸው ከሕሙማን አልጋ ማንጠፍ አላዳናቸውም፤ እርሳቸውም ከዚህ ሊድኑ አልፈለጉም። ስለዚህ አዛውንትን የምታጥብ ልጅ ያለችው ዘመድ ስለ እርሷ አይፈር። የሚያሳዝነው ሥራው ዝቅ ማለቱ አይደለም። የሚያሳዝነው፥ ሌላ ሥራ የምታውቅ እጅ ስለ አንድ ፊደል ስሕተት ከምታውቀው ሥራ መከልከሏ ነው።

ስለ ስምም ከተነሣ ዘንድ የሐኪም ወርቅነህ እሸቱን ነገር ማስታወስ ይገባል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ሕንድ ወስደው አሳደጓቸው፤ ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ ኋላም ወደ ስኮትላንድ ሄደው ተጨማሪ የሕክምና ምስክር ወረቀት አገኙ። ወረቀታቸው ሁሉ የተጻፈው በባዕድ ስም ነበር። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ አገራቸው በመጡ ጊዜ ዘመዶቻቸው ያወቋቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በሰውነታቸው ላይ በነበረው የጠባሳ ምልክት እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬ ግን ባሕር ማዶ ያለው መርማሪ ጠባሳ አይመለከትም፤ የሚመለከተው ፊደል ነው።

የስምን ያህል የሚያሳስተው ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ ዓመት ከፈረንጁ ዓመት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ በ7፥ ከዚያ በኋላ በ8 እንደሚለይ ሁላችን እናውቃለን። ሆኖም ይህን እያወቅን በወረቀት ላይ እንዘነጋዋለን። ለምሳሌ አንዲት ልጅ በእኛ አቆጣጠር በ1982 በሚያዝያ ተወልዳ በ2003 በሐምሌ ብትመረቅ በ21 ዓመቷ ተመረቀች ማለት ነው። በፓስፖርቷ ላይ የትውልድ ዘመኗ ተመልሶ 1990 ይጻፋል። የምረቃው ዘመን ግን ሳይመለስ 2003 ተብሎ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ቢቀመጥ፥ መርማሪው የሚያየው በ13 ዓመቷ ነርስ የሆነች ሕፃን ነው። እርሱም ይጠራጠራል፤ ቢጠራጠርም አይፈረድበትም። በጳጉሜን የተወለደ ልጅ ያላችሁም ይልቁን ተጠንቀቁ። ፈረንጆች 13ኛ ወር ስለሌላቸው አንዱ ጸሐፊ ጳጉሜን 3ን ወደ ነሐሴ፥ ሌላው ወደ መስከረም ይወስደዋል፤ ትክክሉ ግን ሴፕቴምበር 8 ነው።

አሁን ወደ በደላችን እንመለስ። የእኅታችን ልጅ ጉዳይ እንዲቃና ሦስት ነገር አስፈለገ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን የሚያስረዳ የፍርድ ቤት ማረጋገጫ፥ ይህንኑ ተቀብሎ ኮሌጁ የሚጽፈው ደብዳቤ፥ ደግሞም የውጤቱ ወረቀት እንደ ገና በኮሌጁ በኩል በቀጥታ መላኩ። ባጠፋነው ፈንታ ልንክስ ብለን እኛው ራሳችን ጉዳዩን ይዘን ቆምን።

የፍርድ ቤቱ ነገር ሥራችን ስለ ሆነ ቶሎ ተፈጸመ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን በሌላ ሰው እጅ ነበር። አንድ ደብዳቤ ፊርማ ብቻ ቀርቶት በአንድ መሳቢያ ውስጥ አራት ወር ተቀመጠ። ስድስት ጊዜ ሄድን። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ በሄድን ቊጥር ተነሥቶ እጅ ይነሣናል፥ ወንበርም ያቀርብልናል። «ጌታዬ፥ ሥራ በዝቶ ነው፤ ነገ ይመለሱ» ይለናል። በስድስተኛው ቀን ከዚያ ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለን። «ነገ ይመለሱ» የሚለው ቃል የእኛም ቃል ነበር።

በማግስቱ ከማንም ቀድመን ቢሮ ገብተን የራሳችንን መሳቢያ ከፍተን ቈጠርን። 11 ማመልከቻ አገኘን። አራቱ ስለ ስም ጉዳይ የቀረቡ ነበሩ። አንደኛው ከተቀመጠ ሰባት ወር አልፎታል። የአመልካቹን ማንነት አናውቀውም፤ ነገር ግን ማመልከቻውን ይዞ የመጣው አንድ ሽማግሌ እንደ ነበረና ሲወጣ ሦስት ጊዜ እንዳመሰገነን ትዝ አለን። ይህ ሽማግሌ ልጁ በየትኛው አገር፥ በየትኛው መጦሪያ ቤት አልጋ እያነጠፈች ደብዳቤውን ትጠብቅ እንደ ነበረ እግዚአብሔር ያውቃል። ያን ቀን ምሳ ሳንበላ አሥራ አንዱንም ለፊርማ አቀረብን።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ለምትገኙ ለተከበራችሁ ሹማምንትና ጸሐፊዎች የምንለምነው ይህን ነው። ከውጭ አገር መርማሪ የተላከ ጥያቄ ወደ መዝገብ ቤታችሁ ሲመጣ እንደ ባዕድ ጉዳይ አትመልከቱት። የተጠየቀው ስለ አመልካቿ ብቻ አይደለም፤ ስለ ትምህርት ቤታችንና ስለ ማኅተማችንም ነው። መልስ ያልሰጠ መዝገብ ቤት ያስተማረውን ልጅ እንደ ካደ ይቈጠራል።

ለቤተ ሰብም የምንሰጠው ምክር ጥቂት ነው። አንደኛ፥ ልጁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ ስሙ፥ የአባቱና የአያቱ ስም በአማርኛም በላቲን ፊደልም እንዴት እንደሚጻፍ ተስማምታችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ በልደት ምስክር፥ በትምህርት ቤት፥ በፓስፖርት ሁሉ ያንኑ ገልብጡ። አጻጻፉ የቅኔ መምህር ባያስደስትም ግድ የለም፤ ከቈንጆ ስም ይልቅ የማይለወጥ ስም ይበጃል። ሁለተኛ፥ ቀን ሲጻፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ከጐኑ ይገለጽ። ሦስተኛ፥ ሙያተኛው ገና በአገሩ ሳለ የትምህርቱን ዝርዝር ከነሰዓቱ፥ የሥራ ልምዱንም ማስረጃ ያሰባስብ። የሰው ነገር አይታወቅምና ባይሄድም አይጐዳውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አራተኛ፥ ገንዘብ ተቀብሎ «ያለ ፈተና ፈቃድ አወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ ከደጃፋችሁ መልሱት፤ እንዲህ ያለ መንገድ የለም፤ ሐሰተኛ ወረቀትም አንድ ጊዜ ከተያዘ እውነተኛውን ጭምር ያሳጣል።

አምስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ልጁ ባሕር ማዶ በሚጠናበትና በሚፈተንበት ዘመን ገንዘብ አታስጨንቁት። የመርማሪው ዋጋ፥ የፈተናው ዋጋ፥ የትርጕሙና የመልእክቱ ዋጋ የሚወጣው ከዚያችው ከረዳትነት ደመወዝ ላይ ነው። የእኅታችን ልጅ ለፈተናው ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለአንድ ዘመድ ሠርግ እንድትልክ ተጠይቃ ልካዋለች። በዚህም ፈተናዋ በአምስት ወር ዘገየ። ሠርጉ ያማረ ነበር፤ እኛም በልተናል። ከየት እንደ መጣ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከአንባቢዎቻችን መካከል «አገሩ ነርስ እያነሰው እናንተ የመሄጃውን መንገድ ታስተምራላችሁን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 አባል አገሮች የጤና ሠራተኞችን ስለሚቀጥሩበት ሁኔታ የሥነ ምግባር ደንብ ያጸደቀው፥ በ2023 ባወጣው ዝርዝርም የጤና ሠራተኛ ክፉኛ የሚያንሳቸውን 55 አገሮች ሲጠቅስ ኢትዮጵያን ከመካከላቸው የቈጠረው ስለዚሁ ነው። ከነዚህ አገሮች ሀብታሞቹ መንግሥታት እየዞሩ ነርስና ሐኪም እንዳይመለምሉ ይመከራል። ሰው በገዛ ፈቃዱ እንዳይሄድ ግን አይከለከልም። እኛም ሂዱ አላልንም። የሄደው ግን ሄዷል፤ እንደ እኅታችን ልጅ ትዳር ተከትለው የሚሄዱም አሉ። የሄደው ሰው ሙያው ሳይታወቅለት ዓመታት ካለፉ አገሩም አጣው፥ የሄደበትም አገር አልተጠቀመበትም፥ እርሱም የተማረውን ረሳ። ሙያውን የጠበቀ ሰው ግን ሐኪም ወርቅነህ እንደ ተመለሱ አንድ ቀን ከነሙያው ሊመለስ ይችላል።

ደብዳቤው በአምስተኛው ወር ተፈረመ፤ ኮሌጁም ወረቀቱን ላከ። መርማሪው ትምህርቷን ተቀበለ። ልጅቱ የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ልጆቿን ትምህርት ቤት ካደረሰች በኋላ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እያጠናች ፈተናውን ተቀመጠች። በመጀመሪያው ወደቀች። ይህን ለእናቷ አልነገረችም፤ ለእኛ ነገረችን፤ እኛም ምስጢሯን ጠበቅን። ቀኑን ጠብቃ በሁለተኛው አለፈች።

ፎቶግራፉ ባለፈው ጥቅምት መጣ። ሰማያዊ ልብስ ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ ስሟ የተጻፈበት መታወቂያ ተንጠልጥሏል። እናቷ ፎቶግራፉን ወደ ብርሃን አስጠግታ መታወቂያውን እንድናነብላት ጠየቀችን። ስሙ በፓስፖርቱ እንዳለው፥ ማለት እኛ እንደ ጻፍነው በሁለት ቃል ተለይቶ ተጽፏል። ልጅቱ ከእንግዲህ ወዲያ በየትም ቦታ የምትጠራው በእኛ ስሕተት ነው። አነበብንላት፤ ስለ አጻጻፉ ግን ምንም አላልናትም። እኅታችንም ፎቶግራፉን ይዛ በዚያው ሳምንት ለቅሶ ቤት ሄደች፤ ከመካከልም ተቀመጠች አሉን።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ዛሬ ማታ ሣጥናችሁን ክፈቱና የልጆቻችሁን ወረቀት ጐን ለጐን አስቀምጣችሁ ስማቸውን ፊደል በፊደል አስተያዩ። ነገ ጧት ደግሞ ቢሮ ስትገቡ መሳቢያችሁን ክፈቱ።

በሚመጣው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።